ካፒቴኑ እና አራቱ ባዶ መስመሮች

አንድ ስልክ ጠጋኝ አዳማ ውስጥ ነበር፤ መርዕድ ይባላል። ቀን ቀን የተሰነጠቀ ስክሪን ሲቀይር ይውልና አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሱቁን ቆልፎ በሩጫ ጋሽ ወርዶፋ ጌም ቤት ይገባል። ጋሽ ወርዶፋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እሳቸው ቤት ከኳስ ጌም ይልቅ የሚወደደው «አራቱ ግንቦች» የሚባለው የጦርነት ጨዋታ ነበር። አራት ሰው አራት ግንብ ይይዛል፤ ዘውዱ ግን አንድ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ኪዳን ከገቡ የአንዱ በር ለሌላው ሠራዊት ክፍት ይሆናል፤ ስንቅም ይካፈላሉ።

ዘውዱ አንድ ስለሆነ ኪዳኑ መጨረሻ ላይ መፍረሱ አይቀርም። ለዚህ ደግሞ የጌም ቤቱ ሰዎች ልማድ ነበራቸው። ኪዳን የሚያፈርሰው ሰው ጮክ ብሎ «በሬን ልዘጋ ነው» ይላል፤ ወዳጁ ሠራዊቱን እስኪሰበስብ ሦስት ይቆጥራል፤ ከዚያ ይዋጣላቸዋል። ይህን ልማድ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ሰዎቹ ግን አንድ ቀን ጥሰውት አያውቁም ነበር።

ዘንድሮ የከተማው ውድድር መጣ። አሸናፊው ካፒቴን ይሆንና ራሱ ከሚመርጣቸው አራት ጓደኞች ጋር ከተማዋን ወክሎ ሐዋሳ ይሄዳል፤ እዚያ ጨዋታው በቡድን ነው፤ አምስት ሰው አምስት ግንብ ይዞ ከሌላ ከተማ አምስት ጋር ይዋጋል። መርዕድ ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲመኘው ኖሯል፤ እየጠገነ እንኳ የሚያስበው ሐዋሳን ነበር።

ለፍጻሜው ጨዋታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መርዕድ የፋርማሲ ሠራተኛ ከሆነችው ከፋናዬ ጋር ኪዳን ገባ። ባጃጅ ነጂው ሙክታርም ከአራተኛው ተጫዋች ጋር ተጣመረ። ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእነ ሙክታር ሠራዊት የመርዕድን ቅጥር ናደው። ስንቁ አለቀ፤ ቀስተኞቹም ተመናመኑ። አለቀልኝ ሲል ፋናዬ ጎተራዋን ከፈተችለት፤ የቀራትን ጦር በሙሉ ወደ እሱ ግንብ ላከች። ተመልካቹ ከወንበሩ ተነሣ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ያን ሁሉ ጦር ወንዙ ድረስ ሲያሳድዱት አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ። ሙክታር ወደቀ፤ አራተኛውም ተከተለው።

ሁለት ግንብ ቀረ። የፋናዬ ወታደሮች አሁንም የመርዕድን ቅጥር እየጠገኑ ነው፤ የእሷ ግንብ ባዶውን፣ በሩም እንደተከፈተ ነው። ፋናዬ እጇን ከማውሱ ላይ አንሥታ ዞር ብላ አየችው። ቃሉን እስኪናገር እየጠበቀች ነበር። መርዕድ ግን አመነታ። ሦስት ቢቆጥር እኩል ይሆናሉ፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ልትበልጠው እንደምትችል ያውቃል። ቃሉን ሳይናገር የማጥቂያውን ቁልፍ ተጫነ። በዐይን ቅጽበት ፈረሰኞቹ በተከፈተው በር ገቡ፤ ዘውዱም ስክሪኑ ላይ አበራ።

መርዕድ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ዘለለ። ደስታው ሌላውን ሁሉ አስረሳው። የሚያጨበጭቡት ጥቂት መሆናቸውን ያስተዋለው ቆይቶ ነው። ከኋላ አንድ ሰው «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲል ሰማ።

«ሕጉ ይከለክላል እንዴ?» አለ መርዕድ ወደ ዳኛው ወደ ጋሽ ወርዶፋ ዞሮ።

«አይከለክልም። አሸናፊው አንተ ነህ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፤ አምስት መስመር ያለው ወረቀትም ሰጡት። «ከላይ ካፒቴኑ፣ ከሥር አራት ጓደኞቹ። እያንዳንዱ በገዛ እጁ ይፈርም። እስከ ቅዳሜ አምጣው።»

መርዕድ ስሙን በትልቁ ጻፈና አራት ሰው ፍለጋ ወጣ። አንዱ የእህቱ ሠርግ ትዝ አለው። ሌላው ወገቤን አለ። ስልክ ሲጠግን የሚውለው መርዕድ የደወለለት ሰው ሁሉ፣ ስልኩ የተበላሸ ይመስል፣ አላነሣ አለው። ሙክታር ብቻ ሳይሸሽ ነገረው።

«ወንድሜ፣ ጎበዝ ነህ፤ አይካድም። ግን እኔ ያለኝ አንድ ዐይን ብቻ ነው እንበል። ከፊቴ ያለውን ጠላት ልይበት ወይስ ከጎኔ ያለኸውን አንተን?»

ዓርብ ዕለት አማራጭ ሲያጣ እያፈረ ወደ ፋርማሲው ሄደ። ፋናዬ መድኃኒት እየደረደረች ነበር።

«ተቀይመሽኛል» አላት።

«ቅያሜስ ያልፋል። አንዲት ቃል መናገር ይህን ያህል ከበደህ?»

«ብናገር ታሸንፊኝ ነበራ።»

«ምናልባት። ባሸንፍህ ኖሮ ግን መጀመሪያ የምጽፈው ስም ያንተ ነበር።»

ይህን ሲሰማ መርዕድ ነገሩ ገባው። ሐዋሳ ለካ በእጁ ነበረች፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ይሄድ ነበር። የማይሄድበትን ብቸኛ መንገድ ፈልጎ ያገኘው እሱ ራሱ ነው። ከፋርማሲው ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመና እንባው መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ለጋሽ ወርዶፋ መለሰ። የራሱን ስም ሰርዞ ከላዩ «ፋናዬ» ብሎ ጽፎበታል።

«አሸናፊው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉት።

«ጨዋታውን አሸንፌያለሁ፣ ጋሼ። ሰው ግን የለኝም።»

ፋናዬ በመጠራቷ ተገርማ መጥታ ፈረመች። ወሬው እንደተሰማ ሠርግ የነበረበትም ወገቡን ያመመውም እየሮጠ ደረሰ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አራቱ መስመሮች ሞሉ። መርዕድ ከእነሱ ውስጥ አልነበረም። መኪናው ሊነሣ ሲል ፋናዬ በመስኮት ብቅ ብላ «ስንመለስ እንጫወታለን» አለችው። የሐዋሳው ግጥሚያ በጌም ቤቱ ስክሪን ሲታይ ከሁሉ በላይ የጮኸው እሱ ነበር። ልጆቹ አምስት ሆነው እንደ አንድ ሰው ሲዋጉ፣ የአንዱን ግንብ ሌላው ሲያድን፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ከልቡም ተደሰተ። ቢሆንም ያየው ከአዳማ ሆኖ ነው።

ወዳጆቼ፣ ማንኛውም ጨዋታ ያልቃል፤ ዘውዱም ከስክሪኑ ጋር ይጠፋል። አብረውን የተጫወቱት ሰዎች ግን ነገም እዚያው ሰፈር አሉ፤ ያደረግነውንም ያስታውሳሉ። ሕግ ያልከለከለው ሁሉ አይደረግም። ወዳጁን ከድቶ የሚያሸንፍ ሰው የሚያሸንፈው አንድ ጊዜ ነው፤ በቃሉ ጸንቶ የሚሸነፍ ግን ለሚቀጥለው ጨዋታ የሚጠራው አያጣም። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ነገ አራት ሰው አስፈርማችሁ አምጡ ብንባል፣ ማን ይፈርምልናል?