ከጭፈራው ያነሰ ንግግር

የወረዳው ኃላፊ አቶ ዳምጠው አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበው ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ቪዲዮው ከትልቅነቱ የተነሳ ኢንተርኔት ላይ አልጫን አለ። አፏ የማያርፈውን የቢሮውን ቪዲዮ አቀናባሪ ጠርተው፣ «አሳንሺና ጫኚው! አንዲት ቃል ብትጎድል ግን ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም» አሏት።

በነጋታው ያሳነሰችውን ፋይል መጠን ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«ከንግግሬ በፊት የቀረበው የባህል ቡድኑ የአሥር ደቂቃ ጭፈራ ቪዲዮ እንኳ በመጠን ከዚህ ይበልጣል! ንግግሬን ቆራርጠሽ ጥለሽዋል!»

«አንድም ቃል አልነካሁም ጌታዬ» አለች። «የቪዲዮ ማሳነሻው ፕሮግራም ብዙ ቦታ የሚሰጠው ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው። በጭፈራው ሁሉም ይዘላል። እርስዎ ሲናገሩ ግን ከከንፈርዎ በቀር አዳራሹ ውስጥ የተነቃነቀ የለም። እንኳን ሕዝቡ ተኛልዎት! ነቅቶ ቢሆን ኖሮ ይኼ ፋይል በጭራሽ አይጫንም ነበር።»