የአንጓች ምጥና የአያ ተገኘ ዕውቀት

አንጓች ባሏን «ሮጠህ እማማ ዘርፌን ጥራልኝ» ብላ ብትልከው፣ ቢያድግልኝ ከደጅ ተመልሶ በቅል ፌጦ በጥብጦ አቀረበላት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፌጦ ነው። አንዴ ጭልጥ አድርጊው፤ ቁርጠቱ ይለቅሻል።»

«ቁርጠት ነው ያልኩህ እኔ?»

«አንቺማ ምጥ ነው ብለሻል» አለ ቢያድግልኝ ዐይኑን ሰበር አድርጎ። «ቁርጠት ነው ያለው አያ ተገኘ ነው።»

ሰው ሁሉ በጨዋታ መሃል ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። እኛም በዕድር ጭቅጭቅ፣ በድንበር ክርክር ላይ እንወረውራታለን እንጂ ከየት መጣች ብለን ጠይቀን አናውቅም። የአገራችን አዛውንቶች ግን የተወለደችው ያን ቀን፣ በዚያ በአንጓች ደጃፍ ነው ይላሉ። እኔም እንደ ሰማሁት ላውጋችሁ፤ የጨመርኩበት ቢኖር የወጥ ጨው ያህል ነው።

አያ ተገኘ ክፉ ሰው አልነበረም። ላም ስታምጥ የሚጠራው እሱ ነው። ጥጃ ተገልብጦ ሲመጣ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ እያቃና ስንቱን ከብት አትርፏል። ጣጣው፣ ዕውቀቱ ከላም አልፎ ወደ ሰው፣ ከሰው አልፎ ወደ ሰማይ መሄዱ ነው። ዝናቡ የሚዘንብበትን ሰዓት ይናገራል፤ የሰው ሕልም ይፈታል። ሕልሙን ያየው ሰው «ኧረ እኔ እንዲህ አይደለም ያየሁት» ሲለው እንኳ «ተሳስተህ ነው ያየኸው» ይላል።

ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር የመንደሩ ሴት ሁሉ ገበያ ወርዷል። አዋላጇ እማማ ዘርፌ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። ጊዜው ደግሞ ክረምት። ወንዙ አንዴ ከሞላ እስከ ማግሥቱ የሚሻገረው የለም፤ ከላይ ከተራራው አናት ላይ ደመናው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።

አንጓች ያን ደመና በተከፈተው በር አሻግራ ስታየው ያለፈው ምጧ ትዝ አላት። ካቻምና የበኩር ልጇን ስትወልድ እማማ ዘርፌ የደረሱት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ልጁ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ፤ አላለቀሰም። ያን ጊዜ አሮጊቷ እጇን ይዘው «ሁለተኛ ግን፣ ልጄ፣ ገና ወገብሽን ነካ ሲያደርግሽ ላኪብኝ» ብለዋት ነበር።

«ባለፈው ሳምንት እሳቸውን በዚያ ጭቃ በከንቱ አመላለስኳቸው» አለ ቢያድግልኝ፣ ቅሉን እንደ ያዘ። «አገር ሳቀብኝ እኮ፣ አንጉ።»

«ባለፈው ሳምንት እኔ ምን አልኩህ? ሆዴን ቆረጠኝ ነው ያልኩህ። ምጥ ነው ብሎ ያስሮጠህ አያ ተገኘ ነው!»

ቢያድግልኝ ከነቅሉ ወደ ደጅ ወጣ። አያ ተገኘ በሩ አጠገብ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ባዕድ ወንድ ምጥ የያዛት ሴት ካለችበት ቤት አይገባምና፣ እሱ የሚመረምራት በጆሮው ነው።

«እንቢ አለች?» አለ። «ልብ በል፣ ወንድሜ። አንደኛ ነገር አትጮህም። ምጥ ቢሆን ዝም ይባላል? ሁለተኛ፣ ትናንት የባቄላ ንፍሮ በልታለች፤ ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

«ወገቤን ነው የያዘኝ ትላለች እኮ።»

«ምጥ ከወገብ እንደሚጀምር ሰው ነግሯት ነው።»

አንጓች ውስጥ ሆና ሁሉን ትሰማለች። ዝም ያለችው ሳያማት ቀርቶ አይደለም። እማማ ዘርፌ ያስተማሯት እንዲህ ብለው ነው፤ «ምጥ እንደ ወንዝ ሙላት ነው። ይመጣል፣ ያይላል፣ ደግሞ ይጎድላል። ሲመጣ አትጩኺበት፤ ጩኸት ጉልበት ይበላል። እርጥብ እንጨት እንደምታነድ ሴት ቀስ ብለሽ እፍ በይ። ሲጎድል ትንፋሽሽን ሰብስቢ።»

ምሰሶውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ እፍ አለች። ሕመሙ ከወገቧ ተነሥቶ እንደ መቀነት ዞረና እምብርቷ ሥር ተቋጠረ። እፍ። ጠበቀ። እፍ። ላላ። ግንባሯን ምሰሶው ላይ አሳረፈች። ጧት በአንዱና በሌላው መሃል አባታችን ሆይን ከዳር እስከ ዳር ታደርስ ነበር፤ አሁን «ትምጣ መንግሥትህ» ላይ ሳትደርስ ይመለስባታል።

ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ተንከባለለ።

«ቢያድግ!»

«ወዬ!»

«ይሄ ሆድ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«እንግዲያስ ሂድልኝ! ውሃው ሳይመጣ ሂድልኝ!»

ቢያድግልኝ ዱላውን አነሣ። አያ ተገኘ የጋቢውን ጫፍ ይዞ አስቀረው። «አይዘንብም። ነጎድጓዱ የደረቅ ነው። ይልቅ በጀርባዋ ጋደም ትበል በላት፤ ንፍሮው ይረጋላታል።»

አንጓች ዐይኗን ጨፈነች። ሰዎቹን የሚያሳምናቸው ጩኸት ብቻ ከሆነ ልትጮህላቸው ወሰነች። ትንፋሿን እንደሚያባክንባት ታውቃለች። እናቷም «ምጧን መንደር የሰማባት ሴት» ሲባል እንደ ነውር ስታወራ ሰምታ ነው ያደገችው። ግን ያ ያላለቀሰ ልጅ ከነውር ሁሉ በለጠባት። ቀጣዩ ሲመጣ እፍ ማለቷን ትታ አፏን ከፍታ ለቀቀችው። ዶሮዎቹ በአጥሩ ላይ በረሩ። ጉልበቷ ከድምፅዋ ጋር አብሮ ወጣ፤ በምሰሶው ተንሸራታ ተንበረከከች።



«አየህ?» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ፤ የአያ ተገኘ ነው። «አላልኩህም? እውነተኛ ምጥ እንዲህ አያስጮህም። የሚያምጥ ሰው ለዚህ ሁሉ ጩኸት ትንፋሽ ከየት ያመጣል?»

ቢያድግልኝ ትክ ብሎ አየው። «አያ ተገኘ፣ ቅድም ስላልጮኸች ቁርጠት ነው አልክ።»

«ብያለሁ።»

«አሁን ስለጮኸች ቁርጠት ነው ትላለህ።»

«ቁርጠት እንዲያ ነው፤ መልኩ ብዙ ነው።»

ቢያድግልኝ ቅሉን ከነፌጦው እጁ ላይ አስቀመጠለት። «እንግዲያ ላንተም ይሆናል፤ ጠጣው» አለና ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንጓች በጆሮዋ ነው የቆጠረችው። መጀመሪያ ወንዙ እንደ ወትሮው ያንሾካሹካል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። «ድንግል ማርያም፣ ጥቂት አቆዪልኝ» አለች፤ ሕመሙ ግን መቆየት አያውቅም። ወደ ታች ግፊ፣ ግፊ የሚላት ነገር መጣ። አልገፋችም። እፍ አለች። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ተንጠባጠበ። እፍ። ወንዙ አጓራ።

በሩ ሲበረገድ ቢያድግልኝ እስከ ደረቱ ርሶ፣ እማማ ዘርፌን እሽኮኮ አድርጎ ቆሟል። አውርዷቸው ወደ ደጅ ሲመለስ ዱላው አብሮት አልነበረም፤ ውሃው ወስዶበታል።

አሮጊቷ ቀሚሳቸውን እንኳ ሳይጨምቁ ተንበረከኩ። እጃቸውን በትኩስ ውሃ ታጥበው ዳበሷት፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«እንደ ፊተኛው ነው?» አለች አንጓች።

«ዝም በይና ስሚኝ። ጭንቅላቱ መጥቷል። እትብቱ አንገት ላይ አለ፤ አሁን እንዳትገፊ።»

«አልቻልኩም፣ እማማ!»

«ትችያለሽ፤ እስካሁን ማን ቻለልሽ? ዐይኔን እዪኝ። እፍ! ደግመሽ። እፍ በይ፣ የኔ እናት፣ እሳቱ ሊያያዝ ነው...» ጣታቸው አንዴ ዞረ፤ ሁለተኛ ዞረ። «እትብቱ ወጣ! በይ አሁን ግፊ!»

ገፋች። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። አንጓች ይህን ጸጥታ ታውቀዋለች። እማማ ዘርፌ ሕፃኑን በግንባሩ ደፍተው ጀርባውን አሹት፤ አፉን በጣታቸው ጠረጉት፤ እንደገና አሹት። ከዚያ አንዲት ቀጭን የተቆጣች ድምፅ ቤቱን ሞላችው። አንጓች ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ አሮጊቷ።

«ማርያም ታኑርዎ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ከገበያ የተመለሱት ሴቶች ዘንቢላቸውን እንደ ተሸከሙ ደጁን ሞሉት። ማንም ምን እንደተወለደ ሳይነግረው አያ ተገኘ ከግንዱ ብድግ አለ።

«ወንድ ነው!» አለ። «እልል በሉ! የወንድ ለቅሶ አይጠፋኝም።»

«ሴት ናት፣ አያ ተገኘ» አለች አንጓች ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ።

«እሷ ደክሟታል፤ አትስሟት። ልብ ብላችሁ እዩ እንጂ!»

እማማ ዘርፌ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልለው፣ ፊቷን ሸፍነው ብቅ አሉ። አያ ተገኘን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ ከዚያ ወደ አባትዮው ዞረው «ቢያድግልኝ፣ በሩን ዝጋው» አሉ፤ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።»