ክላክሱ ካልጮኸ ትርሲት አትተኛም

«እማዬ፣ መኪናችን ክላክስ ከሌላት አባዬ ሲመጣ በምን እናውቃለን?»

ትርሲት ይህን የጠየቀችው አባቷ በተቀበረ በሃያኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ነው። እናቷ አስናቁ ከመኪናዋ ልታወርዳት እጇን ያዘቻት። ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ተድላ ማታ ማታ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ክላክሱን ሁለት ጊዜ፣ አጠር አጠር አድርጎ «ጲጵ፣ ጲጵ» ያሰኝ ነበር፤ ያንን ሳትሰማ ተኝታ አታውቅም። አሁን ጀንበር ስትጠልቅ ግቢ ውስጥ የቆመችው ሰማያዊ ሸቭሮሌት ውስጥ ትገባና መስኮቱን ትዘጋለች። ብዪ ሲሏት አትበላም። ግቢ ሲሏት አትገባም። «አንድ ጊዜ ክላክሷን ልስማና እገባለሁ» ትላለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ እጇ እንደ መኪናዋ ቆርቆሮ ቀዝቅዟል። መኪናዋ ደግሞ ተሸጣለች። ሐሙስ ጠዋት ገዢው መጥቶ ሊወስዳት ነው።

እንግዲህ የተፈለገችው አንዲት ክላክስ ናት። ግን ተድላ አባል የነበረበትን የቢሾፍቱን የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር የማያውቅ ነው «አንዲት ክላክስ» የሚል። እነዚህ ሰዎች የድሮ አሜሪካን መኪና ይገዛሉ፣ ይጠግናሉ፣ ይሸጣሉ። ዕቃው በገበያ ስለማይገኝ ይዋዋሳሉ፤ አንዱ የጎደለውን ከሌላው መኪና ይፈታል፣ ያኛው ደግሞ ከሦስተኛው። በወረቀት ያልሰፈረች አንዲት ሕግ አለቻቸው፦ ሁለት ነገር የጎደላት መኪና ሦስተኛውን ከባለቤቷ ትወስዳለች። ስለዚህ አንድ የጎደለው ሰው እሷን ሳያገኝ ሌላ አይሰጥም። የወለደው አባቱ ቢለምነው አይሰጥም።

ረቡዕ ማለዳ አስናቁ አማተበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች።

የተድላን ክላክስ በሞተበት ዋዜማ የተዋሱት ሻምበል ግዛቸው ናቸው፤ የአየር ኃይል ጡረተኛ፣ ባለ ጥቁር ፕሊመዝ።

«ክላክሱንማ ውሰጅልኝ በሞቴ!» አሉ ገና ከበር ሳትገባ። «ማታ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነካው ሁለቴ ይጮኻል። ሚስቴ ተበሳጭታ እህቷ ጋ ከገባች ሳምንቷ ነው።»

«እንግዲያው ይፍቱልኛ፣ ሻምበል።»

«አልፈታም።»

«ምነው?»

«የግራ መብራቴ የለችም። ኢያሱ ልብስ ሰፊው ፎርዱ ላይ ገጥሟታል። ክላክሱንም ከሰጠሁ ሁለት ጎደለኝ ማለት አይደል? ሦስተኛውን ከእኔ ልትወስድ ነው። ጥርስ እንዳትወስድ እንደሆነ አልቋል።» ቀልዱን ተናግረው አልሳቁም።

መብራቷ ካልመጣች ክላክሱ አይፈታም፤ ክላክሱ ካልተፈታ መኪናዋ አትጮኽም፤ መኪናዋ ካልጮኸች ትርሲት አትተኛም። አስናቁ ወደ ኢያሱ ሄደች።

ኢያሱ ፎርዱን ያቆመው ከልብስ ስፌት ቤቱ ጀርባ ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ነይ እስቲ፣ እመቤቴ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለና ወደ ውስጥ ወሰዳት። የመብራቷ ሽቦ ተቆርጦ መሬት ላይ ተጠቅልሏል፤ መብራቷ ግን በርታለች። ብርሃኗ ግድግዳው ላይ ወድቋል። በብርሃኑ መካከል የሰው ጥላ አለ። ከፊቱ የቆመ ሰው የለም። ጥላው ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቀጥ ብሏል።

«በስመ አብ!»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር፤ አሁን ለመድኩት። ሥራ በሌለኝ ቀን ለካሁት፤ ትከሻው አርባ ስምንት ነው።» ዓይኗን አየና ቶሎ ብሎ ጨመረ፦ «ተድላ አይደለም። የተድላን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ሃምሳ ሁለት ነው። አይዞሽ። ይሄ ሌላ ነው።»

«መብራቷን ስጠኝ፣ ኢያሱ ወንድሜ። ልጄ ልታልቅብኝ ነው።»

«እሰጥሽ ነበር። ግን የጎን መስታወቴ፣ ስፖኪዮዬ፣ ዶክተር መንበረ ጋ ነው። ሁለት ጎድሎኝ ይሄ ሰውዬ ከግድግዳው ቢወርድስ?»

ስፖኪዮው ካልመጣ መብራቷ አትወልቅም፤ መብራቷ ካልወለቀች ክላክሱ አይፈታም፤ ክላክሱ ካልተፈታ መኪናዋ አትጮኽም፤ መኪናዋ ካልጮኸች ትርሲት አትተኛም። አስናቁ ዳገቱን ወጣች።

ዶክተር መንበረ የከብት ሐኪም ናት። ቀይ ቡይኳ መሪ የላትም፤ ከግንብ ተጠግታ ቆማለች፣ ስፖኪዮዋም በጨርቅ ተሸፍኗል።

«ወደ ኋላ ማየት ትቻለሁ» አለች ዶክተሯ። «አንቺ ግን ልብ ካለሽ እዪው።»

አስናቁ ጨርቁን ገለጠች። ከመኪናዋ ኋላ ያለው ግንብ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ግን ግንብ የለም። ረጅም የአፈር መንገድ አለ። በመንገዱ ላይ አረንጓዴ መኪና ትመጣለች።

«መጀመሪያ ስገጥመው የጤፍ ፍሬ ታክል ነበር። ዛሬ ታርጋዋ ይነበባል። ነገ እንጃ!»

ሾፌሩ ፊቱ አይታይም። እጆቹ ግን ይታያሉ፤ ሁለቱም ወደ ፊት ተዘርግተዋል። አስናቁ ጨርቁን መልሳ አጥብቃ ቋጠረችው።

«ስፖኪዮውን ትሰጪኛለሽ?»

«መሪዬ የለማ! ከሃያ ዓመት በፊት ለአንድ የማኅበራችን ልጅ አዋስኩት። የሱም እንደኔዋ ቡይክ ነበረች፣ አረንጓዴ። መሪውን ገጠመና ወደ ሐይቁ ነዳት። በማግስቱ መኪናዋ ውኃው ዳር ቆማ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። አሁን መኪናዋ እናቱ እማማ ጥሩነሽ ግቢ ቆማለች።»

«መሪውን ጠይቀሻቸው አታውቂም?»

«በየትኛው ወኔዬ?» አለች ዶክተር መንበረ። «በሬ ሲያብድ እገባለሁ። እዚያ ግቢ አልገባም።»

መሪው ካልመጣ ስፖኪዮው አይወርድም፤ ስፖኪዮው ካልወረደ መብራቷ አትወልቅም፤ መብራቷ ካልወለቀች ክላክሱ አይፈታም፤ ክላክሱ ካልተፈታ መኪናዋ አትጮኽም፤ መኪናዋ ካልጮኸች ትርሲት አትተኛም። አስናቁ «አቤቱ፣ አንተ ቅደም» አለችና ወደ ሐይቁ ወረደች።

የእማማ ጥሩነሽ ግቢ ጸጥ ያለ ነው። ወፍ እንኳ የለም። አረንጓዴዋ መኪና አራት ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች፤ ጎማ የላትም፣ ነገር ግን ከሥሯ ያለው አፈር ዛሬ የተነዳባት ያህል ትኩስ የጎማ ዱካ አለው። እማማ ጥሩነሽ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ተቀምጠዋል።

«ግቢ ልጄ» አሉ። «ከኋላ ተቀመጪ፤ ከፊት ሰው አለ።»

የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። አስናቁ ከኋላ ገባች። የሾፌሩ ወንበር ግን የሰው ክብደት እንዳረፈበት ቆዳው ጎድጉዷል።

«እማማ፣ መሪውን ልለምንዎ መጣሁ።»

«እኔ መች ያዝኩትና? ስንቴ ጎተትኩት። ዳስሽው እስቲ።»

እጇን በወንበሩ ላይ አሻግራ ነካችው። መሪው ይሞቃል፤ ሰው ገና አሁን እጁን ያነሳበት ይመስል ይሞቃል። አልፎ አልፎም ላብ አለው።

«እማማ፣ ይስሙኝ። መሪው ካልመጣ ስፖኪዮው አይወርድም፤ ስፖኪዮው ካልወረደ መብራቷ አትወልቅም፤ መብራቷ ካልወለቀች ክላክሱ አይፈታም፤ ክላክሱ ካልተፈታ መኪናዋ አትጮኽም፤ መኪናዋ ካልጮኸች ልጄ አትተኛም። ነገ መኪናዋ ትሄዳለች። ልጄም አብራ የምትሄድብኝ ይመስለኛል።»

«እሱን ለምኚው እንጂ እኔን ምን ትለምኚኛለሽ!»

«እለምነዋለሁ። ስሙ ማን ነው?»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ሃያ ዓመት የማኅበሩ ሰዎች እዚህ ተመላልሰዋል። ስንት ሞዴል ናት አሉኝ። ሞተሯ ይነሳል ወይ አሉኝ። ትሸጫታለሽ ወይ አሉኝ። ስሙን የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሰይፉ ነው።»

«የክርስትና ስሙስ?»

እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ቤተ ክርስቲያን ነፍስን የምትጠራው በክርስትና ስሟ ነው፤ ስሙን ለፍትሐት የሰጠች እናት ልጇ እንደሞተ ተናግራለች። «ሬሳ አላየሁ። ፍትሐት አላስደረግሁ። አሁን ከሰጠሁሽ... ሞተ ማለቴ አይደለም?»

አስናቁ አልቸኮለችም። የሐይቁ ነፋስ መስኮቱን ነካ፣ ተወው።

«ወልደ ሰንበት» አሉ እማማ ጥሩነሽ፣ በሹክሹክታ።

አስናቁ አባታችን ሆይን ደገመች። ከዚያ ባዶውን ወንበር እያየች፣ «ወልደ ሰንበት፣ ወንድሜ፣ እናትህ ደክመዋል። አንዲት ሕፃን አልተኛችም። እግዚአብሔር ነፍስህን ይማር። ልቀቀው» አለች።

ምንም የለም። መሪው እንደሞቀ ነው።

ያኔ እማማ ጥሩነሽ ራሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። «ልቀቅ፣ የኔ ልጅ። እኔም ለቀቅሁ።»

መሪው ከእጃቸው ሥር እንደ ምጣድ ቀስ ብሎ በረደ። ከላዩ ያለችው ብሎን ብቻዋን ዞረች፣ ዞረች፣ ወለቀች። መሪው አሮጊቷ እቅፍ ውስጥ ወደቀ። የሾፌሩ ወንበር ሰው እንደተነሳበት ሁሉ ሲጥ ብሎ ቀና አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ላይ እንደሚንከባለል ድንጋይ ነው። መሪው ሄደ፣ ስፖኪዮው ወረደ፤ መስታወቱ ውስጥ ግንብ ብቻ ቀረ። ስፖኪዮው ሄደ፣ መብራቷ ወለቀች፤ ኢያሱ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰና «ሳልሰፋለት ሄደ» አለ። መብራቷ ሄደች፣ ክላክሱ ተፈታ። ሻምበል ግዛቸው ካቻቢቴያቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ፤ ክላክሱን ሰማያዊዋ ሸቭሮሌት ላይ ሲያጠብቁ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«በይ፣ እመቤት ትርሲት፣ ተጫኚው!»

ትርሲት ተጫነችው። አንድ። ሁለት።

ከዚያ ከበሩ ውጭ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ሌላ ክላክስ መለሰ። አጠር አጠር ያለ፣ ሁለት ጊዜ።

የሻምበል ካቻቢቴ መሬት ላይ ወደቀች። «በዚህ... በዚህ መንገድ ዛሬ መኪና አያልፍም» አሉ፤ «ቦይ ተቆፍሯል።»

«ሰማሽ እማዬ? ገባ» አለች ትርሲት፣ ምንም ሳይገርማት። ከመኪናዋ ወረደች፣ እጇን ታጠበች፣ ሙሉ ሳህን በላች፣ አልጋዋ ላይ ወጥታ እንቅልፍ ወሰዳት። እጇም ሞቀ። አስናቁ ግን ደጁን አልከፈተችም። የሰው ልጅ ልቀቅ ማለትን ለሌላው ያውቅበታል፤ ለራሱ ሲሆን ይከብደዋል።

በማግስቱ፣ ገዢው ሳይመጣ፣ አስናቁ ወፍ ሲንጫጫ ተነሳች። ሁለቱንም የበር ክንፎች ወለል አድርጋ ከፈተች። ደጅ ማንም የለም። ለሚያልፍ መኪና መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወደ አጥሩ ጥግ ሆነች፣ ነጠላዋን አገለደመች፣ አንገቷን ደፋች። «ወልደ አረጋዊ» አለች፣ ባሏን በክርስትና ስሙ፤ «ልጅህ ተኝታለች። በሰላም ሂድ።» አንድ መኪና ተንደርድሮ ከመንገዱ ጫፍ እስኪታጠፍ ድረስ የሚወስደውን ያህል ቆመች። ከዚያም በሩን ዘጋችው።