የሐጂ ሙዘሚል አንድ ብልቃጥ

በግንብ በተከበበች አንዲት ጥንታዊ ከተማ የአንድ ሽቶ ክርክር አራት ሰዎችን አገናኘ። ከሳሹ የገበያው ሹም ኢልያስ ነበር። ተከሳሹ በመስጊዱ በር ዕድሜ ልካቸውን ዓጥር የሚባለውን የሽቶ ዘይት የቀመሙት ሐጂ ሙዘሚል ናቸው። ዳኛው ቃዲ ሸምሰዲን፤ ማንም ያልጠራቸው ምስክር ደግሞ የሴቶችን ጀናዛ፣ አስከሬናቸውን፣ የሚያጥቡት እትዬ ረውዳ ነበሩ።

የሐጂ ዓጥር አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ አዲስ እንደተፈለጠ ጥድ ደረቅ ሆኖ ይመጣል፤ ቆይቶ ሰንደሉ ያለሰልሰዋል፤ ሲመሽ ቆዳ ላይ የሚቀረው ዑዱ፣ የዕጣን እንጨቱ ሽታ ነው። አበባ የለበትም። ከሩቅም አይጣራም፤ የሚያውቀው የቀረበ ሰው ነው። በከተማዋ ባልም ሚስትም ከዚያው ብልቃጥ ይቀቡ ነበር።

ኢልያስን ያስቆጣው ይኸው ነው።

«ሐጂ፣ ሴት የወንድ ሽታ ስትይዝ ነውር ነው። ዘይቱ እንዳለ ይሁን፤ ግማሹን በቀይ ብልቃጥ ያድርጉና ‹የሴት› ይበሉት። ማን ያውቃል?»

«አላህ» አሉ ሐጂ። «ከዚያ ደግሞ እኔ።»

«እንግዲያው ከበሩ ይነሳሉ።»

«ተሸክማችሁ አንሱኝ። በእግሬ አልሄድም።»

ነገሩ ቃዲው ፊት ቀረበ። ሐጂ ሴቶቹ ዓጥሩን በቤታቸው እንደሚቀቡት፣ ለአደባባይ እንደማይሸጡላቸው አስረዱ። ኢልያስ ግን «የወንድ ሽታ የወንድ ነው» ብሎ ጸና።

ይሄኔ እትዬ ረውዳ ከኋላ ተነሱ።

«አንተ ኢልያስ፣ እናትህን ያጠብኳት እኔ አይደለሁም? የተገነዘችበትን ከፈን የቀባሁት ከዚሁ ብልቃጥ ነው። ጎንበስ ብለህ ‹እማዬ እንዴት ደስ የሚል ሽታ አላት› እያልክ ስታለቅስ፣ የወንድ ነው አላልክም። ያን ቀን ጉንፋን ይዞህ ነበር?»

ሐጂም ኢልያስን ከዚያ በላይ ሊያሳፍሩት አልፈለጉም፤ እንዲህ ብቻ አሉ፦

«አንዱን ዘይት በሁለት ስም ከጠራሁት፣ ከዚያ ወዲያ የምሸጠው ውሸት ነው።»

አማና፣ ሰው የጣለብን አደራ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ማንንም የማይጎዳ በሚመስል ትንሽ ነገር ነው። ሐጂ ያችን ትንሽ ነገር እምቢ ሲሉ መተዳደሪያቸውን ለማጣት ቆርጠው ነበር። ሶብር፣ ትዕግሥት፣ ሲባል አንገት መድፋት ይመስለናል፤ ከያዙት እውነት አለመነሳትም ሶብር ነው።

ቃዲውም ፈረዱ፦ ሐጂ ከመስጊዱ በር አይነሱም፤ ብልቃጡ አንድ፣ ስሙም አንድ ይሁን። እትዬ ረውዳ አሚን አሉ። ኢልያስም ወደ ሐጂ ቀረብ ብሎ የእጁን ጀርባ ዘረጋላቸው፤ እሳቸውም ከዚያው ብልቃጥ ቀቡት።