ጨው ቀማሹ ዝናብ

ተረት ላወጋችሁ ነው፤ «እንስማ» በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ነጋዴ በነበሩበት ዘመን፣ አያ ቀጭኔ ገበያ ሠራላቸው። ጣራውን በራሱ ቁመት ልክ ሰቀለው። ግድግዳ የሚባል አላቆመም፤ በምዕራብ በኩል ሰፊ በር ብቻ ተከለ። «አየር እንደ ልቡ ይግባ!» አለ።

እመት አህይት ጨው ነጋዴ ነበረች። ሀብቷ ሦስት አሞሌ ጨው ነው፤ ሌላ የላትም። አንዷን አሞሌ በሩ አጠገብ ዘረጋች። ዝናብ መጣና ውኃ አደረጋት። ሁለተኛዋን መሐል ገበያ ዘረጋች። ዝናብ መጣና ውኃ አደረጋት።

«አያ ቀጭኔ፣ ጣራህ ያፈሳል!»

«ኧረ በጭራሽ! ቀና ብለሽ እዪ።»

ቀና ብላ አየች። እውነትም አንዲት ቀዳዳ የለችም። ዝናቡ ግን በጎን መጥቶ ጆሮዋን ሞላው።

«አያ ዝናብ፣ ምነው ጨዌን በላህብኝ?» አለች ጆሮዋን እያራገፈች።

«ቀመስኩ እንጂ መች በላሁ! ሳይቀምስ የሚገዛ ማን አለ?»

«ሁለት አሞሌ ሙሉ?»

«ጣዕሙ አልለይ አለኛ! ደግሞ እኔ ቀጥ ብዬ ወራጅ ነኝ። በጎን የሚገፋኝ አማቼ ንፋስ ነው።»

ንፋስ ይህን ሲሰማ ጦፈ። «አንተ ውለታ ቢስ! ከምዕራብ ጀምሮ አዝዬህ መጥቼ? በሩ ወደ እኔ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጣራው ሰማይ ጠቀስ ሆኖ፣ እንዴት አልግባ?»

እመት አህይት አላገላገለቻቸውም። ሁለቱ ተሰዳድበው እስኪበቃቸው ጆሮዋን አቁማ ሰማች። ከዚያ ወደ አያ ቀጭኔ ሄደች።

«ጣራውን እስከ ደረትህ አውርደው። በምዕራብ በኩል ግድግዳ አቁም። በሩን ወደ ምሥራቅ አዙረው።»

«እኔስ እንዴት ልግባ?»

«ጎንበስ ብለህ።»

«አባቴ ጎንበስ ብሎ አያውቅም! አያቴም አያውቅም!»

«እንግዲያው ጨው መላስ ቀረብህ።»

አያ ቀጭኔ ምራቁን ዋጠ። ጣራውንም አወረደ።

እመት አህይት የመጨረሻዋን አሞሌ ዘረጋች። ሰማዩ ጠቆረ። ንፋስ ዝናብን አዝሎ እየሮጠ መጣ፤ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ በጣራው ላይ ዘሎ አለፈ። ዝናብ ከጀርባው ተንሸራቶ ሜዳው ላይ ዘጭ አለ። ንፋስም ሸክሙ ሲቀልለት ዞሮ በምሥራቁ በር ቀስ ብሎ ገባ። «እንደምን ዋላችሁ?» ብሎ ነጋዴዎቹን አቀዘቀዛቸው።

ዝናብ ከደጅ ሆኖ ተጣራ፦ «እመት አህይት፣ ትንሽ ቅምሻ?»

«ገዝተህ ቤትህ ላሳት!»

ተረቱ ይኸው ነው። ዝናብና ንፋስን ሳይጠይቅ ገበያ የሚሠራ፣ ጨው ዘርግቶ ውኃ ይሰበስባል።