ሹሙ የተማሩበት ቤት

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስሟን ባንጠራት ይሻላል፣ ተማሪዎቹ ወደ አዲሱ ሕንፃ ከሄዱ ወዲህ ባዶውን የቀረ አንድ ጥንታዊ ትምህርት ቤት ነበር። ክረምት ሲገባ ምላሷ የሰላ አንዲት ሸክላ ሠሪ ከጓደኞቿ ጋር እየገባች፣ እንስራውንና ድስቱን በተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ደርድራ ታደርቅበት ጀመር። እንደ ድሮዎቹ ተማሪዎች ሁሉ አልደርቅ ብለው ያስቸገሩት ከኋላ የተቀመጡት ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን የከተማው ሹም አቶ ጓንጉል ሕዝቡን ሰበሰቡና፣ "ይህ አሮጌ ቤት ይፍረስ፤ በቦታው የእኔ ሐውልት ይቆማል" አሉ።

ሴትዮዋ ክው አለች። ጣሪያው ከሄደ የክረምት እንጀራዋም አብሮ መሄዱ ነው።

"ጌታዬ፣ ባይፈርስ ምናለበት? ስንቱን ያስተማረ ቤት እኮ ነው" አለች።

"ዝም በይ፣ አንቺ ጭቃ አቡኪ! ስለዚህ ቤት ለእኔ ልትነግሪኝ ነው? እኔ ራሴ የተማርኩት እዚሁ ነው! እስቲ ቤቱ ቢቆም የሚጠቀም አንድ ሰው ጥሪልኝ። 'እኔና ጓደኞቼ' ካልሽ ግን ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ።"

ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እጅ ነሳች።

"ኧረ ለእኛስ አይደለም፣ ጌታዬ። የሚጠቅመው ለእርስዎ ነው። ተምሬያለሁ ይላሉ፤ እኛም ቤቱን እያየን እናምናለን። እሱ ከፈረሰ ግን ለመማርዎ ሌላ ምን ምልክት ይገኛል?"

በማግስቱ አቶ ጓንጉል ቤቱን ኖራ አስቀቡት።