ታንጉት የፈታችው ጠፍር

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ይህ የሆነው የአያቴ አያት ገና ሳይወለድ፣ ከዚያ ገደል ሥር በነበረው መንደር ነው። ታንጉት የምትባል መበለት ነበረች። መሬት የላት፣ ከብት የላት። ሰው ሲታመም ትጠራለች፤ ታስታምማለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ እፍኝ እህል ይሰጧታል።

በመንደሩ አያ ደርሶ የሚባል ወጌሻም ነበረ። አጥንት ሲሰበር ይመልሳል፣ በቀርከሃ ይደግፋል፣ በጠፍር ጥፍንግ አድርጎ ያስራል። እሱ ያሰረውን የነካ ሰው የታማሚውን ዕድሜ ያሳጥራል ይባል ነበር። ሰዉ ይህን ይፈራል፤ ታንጉትም ትፈራለች።

አንድ ጊዜ ማር ቆራጭ ከገደሉ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ፣ ወጌሻው አሰረው። ታንጉት ስታጥበው የእግሩን ጣቶች ነካች። ቀዝቅዘዋል። ፈራች፣ ዝም አለች። እግሩ ጠቆረ፣ ሸተተ፣ ሰውዬው ሞተ።

ሌላ ጊዜ የአንዲት ልጃገረድ እግር ተሰበረ፣ ወጌሻው አሰራት። ታንጉት ጣቶቿን ነካች። ቀዝቅዘዋል። አሁንስ ዝም ማለት አቃታትና ለእናትየዋ በጆሮዋ ነገረቻት። እናትየዋ ክው አለች።

«ያን ማር ቆራጭም አንቺ ነሽ የነካሽው» አለቻት፤ ከቤትም አስወጣቻት።

ልጅቱ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ታንጉት ስታልፍ በር ይዘጋል። እጇ ሞት አለበት ተባለ፤ የሚያሳዝነው እሷም አመነች። እጆቿን በነጠላዋ ደብቃ ትሄድ ጀመር።

ከዚያ በአንድ ልጇ በደምለው ላይ ግንድ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው አሰረውና ሄደ። ታንጉት እግሩ ሥር ተቀመጠች። እጇን ትዘረጋለች፣ ትመልሳለች። ደግሞ ትዘረጋለች፣ ደግሞ ትመልሳለች። ጣቶቹ ቢሞቁም እጄ ያቀዘቅዛቸዋል ብላ ፈራች።

«እማዬ፣ እግሬን አቃጠለኝ» አለ ልጁ።

በማግስቱ ግን «አሁንስ ምንም አይሰማኝ» አለ።

ያኔ ጣቶቹን ነካች። ቀዝቅዘዋል።

ቢላዋ አነሳች። ጠፍሩን በጠሰችው። አጥንቱ ተናጋ፣ ልጁ ጮኸ፣ ጎረቤቱ ልጇን ልትገድል ነው ብሎ ያዛት። አያ ደርሶ ተጠርቶ እየተቆጣ መጣ።

«አያ ደርሶ፣ ጣቱን ብቻ ይንኩት። ከዚያ እንደወደዱ ያድርጉኝ» አለችው።

ነካው። እጁን ሳያነሳ ብዙ ቆየ። ቀስ በቀስ የልጁ ጣቶች ሞቁ። ወጌሻው ያን ጊዜ የሞቱበትን አስቦ ኖሮ አለቀሰ። ከዚያ አላልቶ አሰረው።

አጥንቱ ግን ጠሞ ገጠመ፤ ደምለው አንካሳ ሆነ። «እናቴ አሽመደመደችኝ» እያለ አማረረ። ሚስት አግብቶ አማረረ፣ ልጆቹን ድሮ አማረረ፣ ጥርሱ እስኪያልቅ አማረረ። ታንጉትም በሰማችው ቁጥር ደስ ይላት ነበር ይባላል።

ለዚህ ነው በእኛ አገር የተሰበረ ሰው ሊጠይቅ የገባ ሁሉ፣ እንዴት አደርክ ሳይል ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት የሚነካው። ቀዝቅዞ ከሆነ፣ ያሰረው ማንም ይሁን ማን ይፈታል። እናንተም ስትፈሩ ንኩ። ታንጉትም ፈርታ ነው የነካችው።